ጽጌን መጾም የጀመርኩት እንዴት ነው

መስቀልን ለመጀመሪያ ጊዜ በባለቤቴ ወላጆች ቤት ያሳለፍኩት ገና እጮኛሞች ሳለን ነው። ያኔም እንደዛሬው በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። እንሰት በየዓመቱ የማስተምረው ርዕስ ነው። የት እንደሚበቅል፣ ድርቅን እንዴት እንደሚቋቋም፣ ስንቱን ሕዝብ እንደሚመግብ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስረዳለሁ። የምስለው ግን ሙዝ ነበር። ከአጠገቡ ቆሜ አይቼው ስለማላውቅ ሙዙን ትንሽ ወፈር አድርጌ «እንሰት» ብዬ እጽፍበታለሁ። ቆጮ ደግሞ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ይህን ለእጮኛዬ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና «እንግዲያው መስቀልን እኛ ቤት ነህ» አለችኝ።

እኔ የሳንሱሲ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ በእኛ ቤት በዓል ማለት ዶሮ ወጥ ነው። እንቁጣጣሽ ዶሮ፣ ገና ዶሮ፣ ፋሲካ ዶሮ። መስቀል ግን እኛ ዘንድ ደመራው ተለኩሶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ንፍሮ ተበልቶ የሚያልፍ ቀለል ያለ በዓል ነበር። ስለዚህ የእጮኛዬ ቤት የሚጠብቀኝም ከዚያ ብዙ አይርቅም ብዬ ገመትኩ። እናቴ ደግሞ ሰው ቤት ተርቦ መሄድ ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ። በበዓሉ ጠዋት ፍርፍር አቀረበችልኝ፤ እኔም ጥርግ አድርጌ በልቼ ወጣሁ።

እጮኛዬ አስራ ስምንት ማዞሪያ ፌርማታው ላይ ጠበቀችኝ። ዝናቡ ገና ስላልለቀቀ ወደ ቤታቸው የሚያወጣው ዳገት ጭቃ ነበር። እየወጣን ሳለ የቤቱን ሁኔታ አስረዳችኝ። በሌላ ጊዜ ለመስቀል ቤተሰቡ በሙሉ በሩን ቆልፎ ጉራጌ አገር ይወርዳል። ዘንድሮ ግን አባቷ፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሰውዬ፣ ሱቁን ጥዬ አልሄድም ብለው ሁሉንም አስገርመዋል። ስለዚህ በዓሉ እዚሁ ኮልፌ ሊከበር ነው፤ በየሰፈሩ ያሉ ዘመዶችም እንደዚያው ቀርተዋል። በሩ ጋ ስንደርስ ክንዴን ይዛ «ቀስ እያልክ ብላ፣ እሺ?» አለችኝ። ስለ ገበታ ሥነ ሥርዓት የምትመክረኝ መስሎኝ ትንሽ ቅር አለኝ። አፌን ከፍቼ የማላምጥ ሰው መሰልኳት እንዴ ብዬ።

ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። አባትየው መርቀውን ተቀመጥን። በመጀመሪያ የቀረበው ጎመን ነበር፤ ልቅም ብሎ የተከተፈ፣ ከአይብና ከተነጠረ ቅቤ ጋር የተለወሰ ጎመን፣ ከቆጮ ጋር። ንግዱ ቀዝቅዞባቸው ይሆናል፣ ሥጋ መግዛት ከብዷቸው ይሆናል፣ እንዲያም ሆኖ እኔን ጋብዘዋል ብዬ አሰብኩ። ጎመን የናቀ አማች እንዳይሉኝ ቆርጬ ተነሳሁ። በላሁ። ሲጨምሩልኝ በላሁ። እንደገና ሲያቀርቡልኝ አልከለከልኩም፤ እንዲያውም «እጃችሁ ይባረክ» እያልኩ ጣባውን አሳልፌ ሰጠሁ። ይባስ ብዬ አንድ አጭር ንግግር አደረግሁ። ጎመን በጤና ነው፤ በዓል ማለት ደግሞ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ፍቅር ያለበት ገበታ ሁሉ በዓል ነው አልኩ። የቤቱ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እጮኛዬ ከታች እግሬን ረገጠችኝ። በንግግሬ ተነክታ መስሎኝ መልሼ በስሱ ረገጥኳት።

ከዚያ ክትፎው ገባ።

ያ ጎመን ለካ በር ከፋች ነው። ክትፎው በየሰዉ ፊት በየጣባው ተደረደረ፤ ቅቤው ዳር ዳሩን እንደ ምንጭ ይፈልቃል። ከኋላው በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ጥሬ ሥጋ መጣ። የእጮኛዬ እናት አጠገቤ ተቀመጡና የንግግሬን ወሮታ ሊመልሱልኝ ጀመሩ። ጉርሻቸው የጡጫ ያህላል። አንዷን ውጬ ሳልጨርስ ሌላዋ አፌ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባልኩ። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ሦስት ካልሆነ አይጸናም ተባልኩ። ጠዋት የበላሁት ፍርፍር ትዝ ሲለኝ እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ ወቀስኳት።

ይሁን እንጂ ክትፎው እስከዚያ ከቀመስኩት ነገር ሁሉ የበላይ ነበር። ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ ከዚያ ቤት መውጣታችን ነው። ቡና ተጠጥቶ ሁሉም ሲነሳ በዓሉ ያለቀ መስሎኝ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። አላለቀም። የአባትየው ወንድም ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ እዚያ ይበላል። ከዚያ ደግሞ ከአንድ ቀዬ የመጡ ጎረቤት ቤት አለ፤ እዚያም ይበላል። አዲስ አማች ሊሆን የመጣ ሰው አንዱን ቤት አልፎ ቢሄድ የዚያን ቤት ሰው ንቋል ማለት ነው። በሁለተኛው ቤት ክትፎዬን እያሰብኩ ዋጥኩ። ወደ ሦስተኛው ስንሄድ ዳገቱን የወጣሁት ወገቤን ይዤ ነው። አባትየው በከዘራ እያነከሱ ከፊቴ ይሄዳሉ፤ እሳቸው እንኳን ቀድመውኛል።

ሦስተኛው ቤት ስገባ ነገሩ ከአቅሜ በላይ መሆኑን አውቄያለሁ። ጣባው ፊቴ ተቀመጠ። አባትየው ትይዩዬ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ የተቀመጠ አደይ አበባ አየሁና ከምግብ ውጭ ያለ ወሬ ለመፍጠር ቸኮልኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ «አበባው እንዴት ያምራል፤ ጽጌም ደረሰ ማለት ነው» አልኩ።

የጽጌን ነገር የማያውቅ ካለ፣ ከመስቀል በኋላ ጀምሮ እስከ ኅዳር መግቢያ የሚዘልቅ የአርባ ቀን ጾም ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ይታሰብበታል። ግዴታ አይደለም፤ የፈቃድ ጾም ነው። የሚጾሙትም ጠንከር ያሉ ምእመናን ናቸው። እናቴ ትጾመዋለች። እኔ ዓርብና ረቡዕን እንኳ ከመዝለል የማልመለስ ሰው ነኝ።

አባትየው ፊታቸው በራ። «ጽጌን ትጾማለህ እንዴ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በዚያች ቅጽበት ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ታች ለመግፋት ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅሁ። ዓይኔም እንባ አቀረረ። በቤቱ የነበረው ሁሉ የጾምና የጸሎት ነገር የተነሳበት ሰው ሲያለቅስ አየ። አባትየው እጃቸውን አንስተው «በሉ ተዉት፤ ወደ ጾም የሚሄድን ሰው አታጨናንቁ» አሉ። ጣባው ከፊቴ ተነሳ። እኔም ተሳስታችኋል ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ሊያጎርሱኝ መስሎኝ መልሼ ዘጋሁት። ስንወጣ አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ሳሙና «የጎጃም ሰው መቼም» አሉ። ደስ አለኝ ብል አልዋሽም። በሕይወቴ ማንም ለሃይማኖተኛነቴ ትከሻዬን ስሞኝ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ የእጮኛዬ እኅት ልጅ ክርስትና ተነሳና ተጠራሁ። መስቀልን ካየሁ ወዲህ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ፣ ባዶ ሆዴን ሄድኩ። እንግዳው ተቀምጧል፤ ክትፎው ጎን ለጎን ተሰልፏል። እኔን ግን ጥግ ላይ ወዳለች ትንሽ ሞሰብ ወሰዱኝ። ሽሮ፣ በዘይት የተሠራ ጎመን፣ ምስር። የእጮኛዬ እናት ለእኔ ብለው በተለየ ድስት፣ ቅቤ ባልነካው ማማሰያ እንዳበሰሉት ነገሩኝ። ምን እላለሁ? እጃቸውን አመሰገንኩና ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ አባትየው ከክብር ቦታቸው ተነስተው በከዘራቸው እየተደገፉ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። «እኔም ከልጄ ጋር ጀምሬያለሁ» ብለው ከሽሮው ጠቀለሉ።

ሰውዬው በክትፎ ወዳድነታቸው ኮልፌን ያስናቁ ናቸው ይባላል። ባለቤታቸው ማንኪያ እንደያዙ ቀሩ። የንስሐ አባታቸው ተነስተው እኔን መረቁኝ፤ አንድ ሰው ምሳሌ ሆኖ ቤተሰብን ሲመልስ እንዲህ ነው አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ትሕትና ይመስላል፤ የክትፎው ሽታ ዓይኔን እንዳያንከራትተው ነው።

ስሰናበት የእጮኛዬ እናት አንድ ከበድ ያለ ፌስታል አስያዙኝ። ለእናትህ ነው፣ አንተ ባትበላም እሷ ትቅመስልን አሉኝ። ከጦር ኃይሎች ወደ አስኮ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ፌስታሉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ቅቤው ይሸታል። ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ ዞሮ ያየኛል። እናቴ እንደማትበላው ስለማውቅ ልቤ ተረጋግቷል፤ ቤት ገብቼ በር ዘግቼ እበላዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ። እናቴ ግን በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

ፌስታሉን ከፍታ አየችና «ጽጌ እንደምጾም አልነገርካቸውም?» አለችኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላት። እንድትስቅልኝ ነበር። አልሳቀችም።

«እና እጾማለሁ አልካቸው?»

«አላልኩም እማዬ። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።»

«ራስህ ከተስማማ ሆድህ ምን ቤት ነው?» አለችና ክትፎውን ለጎረቤት ሰጥታ ተመለሰች። ጎረቤታችን ጣባውን አጥባ ስትመልስ ምርቃቷ እስከ መኝታ ቤቴ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የእኔ ምግብ ከእናቴ ምግብ ጋር አንድ ሆነ። እንዲህ ነው ጾመኛ የሆንኩት። ጀግና ጾመኛ እንዳልነበርኩ ግን መናገር አለብኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው ካፌ በልማድ ማኪያቶ አዝዤ፣ ጠጥቼ፣ ስኳሩን ከሥር በማንኪያ እየጠረግሁ ሳለ ወተት መሆኑ ትዝ አለኝ። ለማካካስ ጥቁር ቡና ጨመርኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ፤ እናቴ ግን ለጸሎት የነቃሁ መስሏት በጠዋት አምባሻ ጋገረችልኝ።

ጥር ላይ ተጋባን። የሠርጉን ክትፎ በላሁ፤ ጽጌም ነቢያትም አልፈው ስለነበር ማንም አልከለከለኝም። ዓመቱ ዞሮ ሌላ መስቀል መጣ፤ በዚህኛው ጎመኑን በጣቴ ጫፍ ቀመስኩና ለክትፎው ቦታ አስቀመጥኩ። ንግግርም አላደረግሁም። ጽጌ ሲገባ ግን አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ስልክ ደወሉ። እሳቸው ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንድንጾም፣ የጾም ጓደኛ ከሌለ ጾም እንደማይገፋ ነገሩኝ። ባለቤቴ እየሳቀች ሸኘችኝ።

ቅዳሜዎቹ መጥፎ አልነበሩም። በቤቱ ጓዳ በኩል ያለች ትንሽ በረንዳ አለች፤ እዚያ ሁለታችን ብቻ እንቀመጣለን። ስለ ሱቁ፣ ስለ ፍራሽ ዓይነት፣ ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ። እንሰት ሲፋቅ እንዴት እንደሆነ፣ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚብላላ ነገሩኝ፤ እኔም ሰሌዳ ላይ ስለምስለው ሙዝ ነገርኳቸው። ሽሮው እስኪፈስ ሳቁ። በመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ጾሙ ሊፈታ ነው ብዬ ተዝናንቼ ተቀምጫለሁ። ሰኞ ምሳ ላይ የምበላውን ክትፎ ቤት ሳይቀር መርጬ ጨርሻለሁ። አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይገባ የለ፣ በመካከል ያሉት ቀናት ጥቂት ናቸው፣ ለምን ሁለቱን አናገናኛቸውም አሉኝ።

እጄ ላይ የነበረው እንጀራ ወደቀ። እንዲህ ያለ ሥርዓት እንደሌለ፣ ቤተ ክርስቲያንም ምእመኑ ጥቂት እንዲያርፍ ፈልጋ እንደሆነ፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም ደረደርኩ። ስለ ግጻዌ ሁሉ አነሳሁ፤ ግጻዌ ምን እንደሆነ አጥርቼ አላውቅም። ታግሠው አዳመጡኝ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞር ብለው ማንም እንደሌለ አረጋገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሪህ ነው የያዘኝ» አሉ። «እግሬ ጣት ላይ። ሲነሳብኝ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስለቅሰኛል። ሐኪሙ ሥጋ ተው ብሎኛል። አገር ቤት ያልወረድኩትም በሱ ነው፤ እዚያ ሄጄ አልበላም ብል ማን ይሰማኛል?»

ለሚስታቸው ለምን እንዳልነገሩ ጠየቅኳቸው። ከዘራቸውን እያሻሹ መለሱልኝ።

«ክትፎ አልበላም ካልኩ ታመመ ብለው ያለቅሳሉ፤ ዘመዱ ሁሉ ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ ሊጠይቀኝ የመጣውም ብላ ይለኛል። ጾመ ሲባል ግን ሁሉም ዝም ይላል። አንተ ባትመጣ ምን እሆን ነበር።»

ይህን ሲሉኝ አዘንኩላቸው፤ ደግሞም አፈርኩ። ሰውዬው እኔን ቅዱስ አድርገው ተጠግተውኛል፤ እኔ ደግሞ ጉርሻ ያነቀኝ ሰው ነኝ። «አባባ፣ እኔ እንኳ...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያን ቀን ትይዩህ ነበርኩ እኮ። ሲያንቅህ አይቻለሁ። ራስህን ስትነቀንቅ፣ ይኼ ልጅ ከእግዜር የተላከልኝ ነው አልኩ።»

አንድ ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ምርቃት፣ የአሮጊቷ ትከሻ መሳም፣ የንስሐ አባቱ ውዳሴ፣ ሁሉም ሰውዬው ዓይናቸው እያየ የተደረገ ነው ማለት ነው። ልቆጣ ፈለግሁ። አልሆነልኝም። ሁለታችንም እስኪደክመን ሳቅን፤ ባለቤታቸው ከውስጥ ሆነው ጾመኛ እንዲህ ይስቃል ወይ ብለው ጠየቁ። አማቴም ደስታ የጾም ፍሬ ነው ብለው መለሱላቸው።

ጾሞቹን ግን አላገናኘንም። ያን ሳምንት ባለቤቴን አማከርኳት፤ እሷም እናቷን ለብቻ ወስዳ ነገሩን ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። ለቅሶ ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር። የባለቤቴ እናት ያለቀሱት ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተቆጡት በሁለት ዓመት ጽጌ ሙሉ በተለየ ድስት ስላበሰሉት ሽሮ ነው። ከዚያ በኋላ ሥጋው ለአማቴ በልክ ሆነ፤ ዘመድ ሲያስቸግርም መልስ የሚሰጡት እሳቸው ሳይሆኑ ባለቤታቸው ናቸው። የእሳቸውን አፍ ደግሞ ማንም አይደፍርም።

የዚያን ዓመት ገና ሁለቱን ቤተሰብ እናቴ ሳንሱሲ ጠራቻቸው። የባለቤቴ እናት በኮባ የተጠቀለለ ቅቤና አንድ ትልቅ ቆጮ ይዘው መጡ። ዶሮ ወጡ ላይ የማን ቅቤ ይግባ የሚለው ነገር ምድጃ ዳር ብዙ አከራከረ። እናቴ የጎጃም ቅቤ ካልሆነ ወጡ አይጣፍጥም ትላለች፤ እሳቸው ደግሞ ቅቤ በቅመም ካልተነጠረ ቅቤ አይባልም ይላሉ። በመጨረሻ ሁለቱም ገባ። እኔ እንቁላል እንድልጥ ተመደብኩ፤ ግማሹን ከነሥጋው ገሽልጬ ሰጠኋቸው። ሁለቱ ሴቶች እንቁላሉን አይተው፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ፈረሰኛው በእያንዳንዱ በዓል ለእኔ ነበር የሚወጣው። ያን ቀን እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አዙራ አዙራ ፈለገችና ፈረሰኛውን አውጥታ አማቴ ፊት አስቀመጠች። ሐኪሙ ዶሮ ጥቂት ጥቂት ፈቅዶላቸዋል። «ይብሉ፣ ልጄን ጾም ያስተማሩልኝ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። አማቴ እኔን ሳያዩ ምርቃቱን ተቀበሉ። ለእኔ የደረሰኝ አንገቱ ነው፤ ከጎኑም ራሴ የገሸለጥኩት እንቁላል።